በጽሑፍ ያለ የሚወረሰው ሲገኝ ነው

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። አባባሉ እውነት ቢሆንም አንድ ነገር ይጎድለዋል። የተጻፈው የሚወረሰው ወራሹ ሲያገኘው ነው። በአንድ የወረዳ መዝገብ ቤት በሲባጎ ታስሮ በተከመረ ባሕር መዝገብ ውስጥ የአንድ ሰው አያት ስም ሊኖር ይችላል። በየትኛው ጥራዝ፣ በስንተኛው ገጽ እንደሚገኝ የሚነግረው ከሌለ ግን ለዚያ ሰው ስሙ ያልተጻፈ ያህል ነው።

ባለፉት ዓመታት «ዲጂታል» የሚለው ቃል ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዕቅድ ውስጥ ጠፍቶ አያውቅም። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተሰኘው ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ጸደቀ። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጣ። ባንኮች ደንበኛ ሲመዘግቡ የፋይዳ ቁጥር መጠየቅ ጀመሩ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ሥራው በሙሉ ፊቱን ያዞረው ወደ ፊት ነው፤ በሕይወት ያለውን ሰው ከዛሬ ጀምሮ መመዝገብ ነው። ከዛሬ በፊት የተጻፈው፣ ማን የማን ልጅ እንደነበረ የሚናገረው ወረቀትስ? እርሱን የሚያስታውሰው ብዙም አይታይም።

በዚህ ጽሑፍ የማነሳው ይህንኑ የቤተሰብ መዛግብት ጉዳይ ነው። ለማሳያ የመረጥኩት ሆሳዕናንና ዙሪያዋን፣ ማለትም የሀዲያንና የከምባታን ከተሞች ነው። በብዙ አገሮች የዘር ሐረግ ፍለጋ የጡረተኞች የትርፍ ጊዜ ሥራ ተደርጎ ይታያል። በዚህ አካባቢ ግን እናት ልጇን፣ ልጅም እናቱን የማግኘትና ያለማግኘት ጉዳይ ሆኗል።

የሄዱት ሲመለሱ

እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2018 ባለው ጊዜ በውጭ አገር ጉዲፈቻ ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ብቻ የሄዱት ሕፃናት ከ15 ሺህ በላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአንድ የበጀት ዓመት ብቻ ከ2 ሺህ 500 በላይ ሄደዋል። ወደ ስፔን፣ ወደ ፈረንሳይና ወደ ጣሊያን የተወሰዱትም ጥቂት አልነበሩም። ከነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ከቀድሞው የደቡብ ክልል፣ በተለይም ከሀዲያ፣ ከከምባታና ከወላይታ የተገኙ ነበሩ። ጉዳዩ እየሰፋና ቅሬታው እየበዛ ሲመጣ የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በመጋቢት 2003 ዓ.ም. በቀን የሚያያቸውን ፋይሎች ወደ አምስት አወረዳቸው። በመጨረሻም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2010 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ አገር ጉዲፈቻን አስቀረ።

በሩ ተዘጋ። የሄዱት ሕፃናት ግን አደጉ። በ2002 ዓ.ም. በሦስት ዓመቱ የሄደ ልጅ አሁን ሃያ ዓመት ሊሞላው ተቃርቧል። በእጁ ያለው አንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ ቅጂ፣ አንድ የልደት ቀንና አንድ የወረዳ ስም ነው። እናቲቱ ዘንድ ያለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንድ ፎቶግራፍና የወሰደው ድርጅት ስም ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ በወረቀት የተነጠፈ ነበር። ወረቀቱ በቀበሌ ተጀምሮ፣ በወረዳና በዞን ጽሕፈት ቤቶች አልፎ፣ ማሳደጊያ ውስጥ አርፎ፣ በሚኒስቴሩ ታይቶ፣ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይጸድቅ ነበር። ከነዚህ ጣቢያዎች በአንዱ ያለው ፋይል በሌላው ያለውን አያውቀውም። ማሳደጊያ ሲዘጋም ፋይሉ ወዴት እንደሚሄድ ልጁም እናቲቱም የሚጠይቁት አንድ የታወቀ ቦታ የለም።

ይህን ክፍተት ያዩ ሰዎች በራሳቸው ተነሥተው «ቤተሰብ ፍለጋ» የተባለ የመረጃ ቋት አቋቁመዋል። ልጁ ወይም አሳዳጊው በአንድ በኩል፣ ወላጆች በሌላ በኩል ስም፣ ቦታ፣ ዘመንና የማሳደጊያውን ስም ያስገባሉ፤ ሲገጣጠም ይገናኛሉ። ሥራው የሚደነቅ ነው። ሆኖም ልብ እንበል፦ ፈላጊዎቹ ማውጫውን ከባዶ የጀመሩት፣ ዋናው መዝገብ በመንግሥት ቢሮዎች ካቢኔት ውስጥ ተቆልፎ እያለ ነው።

ከዚሁ አካባቢ ሌላም መሄድ አለ። ከሆሳዕናና ከዱራሜ ዙሪያ ወጣቶች በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አድርገው ወደ ደቡብ አፍሪካ መጓዝ ከጀመሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ሞተው ተገኙ። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በዛምቢያ ሉሳካ አቅራቢያ ኢትዮጵያውያን ናቸው የተባሉ 27 አስከሬኖች መንገድ ዳር ተጥለው ተገኙ። እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር በነዚህ ከተሞች የማይደነግጥ ቤት የለም። ሟቹ ስሙን የያዘ አንድ ቁራጭ ወረቀት ቢገኝበት እንኳ ያ ስም የየትኛው ቤት እንደሆነ ለማወቅ መልሶ የሚጠየቀው መዝገብ ነው። መዝገቡ ካልተገኘ ሐዘኑ በወሬ ይጀመራል፣ በወሬም ይቀራል።

የመዝገብ እጦት ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ በጉልህ ያሳየው ግን በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የታየው የሐና ጉዳይ ነው። በጉዲፈቻ ከኢትዮጵያ የሄደችው ይህች ልጅ እ.ኤ.አ. በ2011 ስትሞት አሳዳጊዎቿ ተከሰሱ። ከክሶቹ አንዱ የሚጸናው ሟቿ ከ16 ዓመት በታች ከነበረች ብቻ ነበር። ዕድሜዋን በማያጠራጥር መንገድ የሚያስረዳ የልደት መዝገብ ባለመኖሩ አስከሬኗ ከመቃብር ወጥቶ ጥርስና አጥንቷ እንዲመረመር ተደረገ። ሲወለድ በአንድ መስመር ቢጻፍ የሚያልቅ ነገር ከሞት በኋላ መቃብር አስቆፈረ።

ምስል ማንሳት ሌላ፣ ማውጫ መሥራት ሌላ

መዛግብትን ዲጂታል ማድረግ ሲባል ብዙ ኃላፊዎች የሚያስቡት ስካነር መግዛትን ነው። ስካነር ይገዛል፣ ወረቀቱ ይነሣል፣ ሃርድ ዲስክ ይሞላል፣ ሪፖርት ይጻፋል። በመጨረሻ የሚገኘው ግን ክምሩ ከመደርደሪያ ወደ ሃርድ ዲስክ መዛወሩ ነው። መቶ ሺህ ምስል ያለ ማውጫ ማለት መቶ ሺህ ገጽ አንድ በአንድ ማገላበጥ ማለት ነው።

በአገራችን ለዚህ ጥሩ ትምህርት የሚሆን ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መንበረ ፓትርያርክ፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም የብራና ቤተ መጻሕፍትና ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተባብረው የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ማንሳት ጀመሩ። በሁለት አስርት ዓመታት ውስጥ ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ ብራናዎች ተነሡ። ፊልሙ ለሊቃውንት የተከፈተው ግን ዊልያም ማኮምበርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እያንዳንዱን አንብበው ካታሎግ ሲያዘጋጁለት ነው። ከ1975 እስከ 1993 እ.ኤ.አ. የታተሙት 10 ጥራዞች የሸፈኑት የመጀመሪያዎቹን 5 ሺህ ብራናዎች ነው። ፊልም ማንሳቱን ካሜራና ቴክኒሽያን ሠሩት፤ ማውጫው ግን የአንድ ሊቅ ዕድሜ ወሰደ።

በነዚሁ ብራናዎች ኅዳግ ላይ የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታና ኑዛዜ፣ ከነምስክሮቹ ስም ተጽፎ ይገኛል። ዶናልድ ክረሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት መጽሐፍ የሰሜኑን የመሬት ሥርዓት የተነተኑት እንዲህ ያሉ ጽሑፎችን መሠረት አድርገው ነው። ካታሎጉ ግን መጽሐፉን በርእሱ እንጂ በኅዳጉ ላይ ያለውን ገበሬ በስሙ አያወጣውም። ለሃይማኖት ተመራማሪ የሚበቃው ማውጫ አያቱን ለሚፈልግ ሰው አይበቃውም ማለት ነው። ማውጫ ሲሠራ ማን፣ ምን እንደሚፈልግበት አስቀድሞ ማወቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በዓለም ላይ በዚህ ሥራ ግንባር ቀደም የሆነው በዩታ የተቋቋመውና አሁን ፋሚሊ ሰርች ተብሎ የሚታወቀው ድርጅት ነው። ሥሩ እ.ኤ.አ. ወደ 1894 ይመለሳል፤ ማይክሮፊልም ማንሳት የጀመረው በ1938 ሲሆን 2.4 ሚሊዮን ጥቅል ፊልሙን ወደ ዲጂታል ቀይሮ የጨረሰው በ2021 ነው። የአሜሪካ የ1940 ሕዝብ ቆጠራ በ2012 ለሕዝብ ሲከፈት ስሞቹን ወደ ማውጫ ያስገቡት ከ160 ሺህ በላይ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የ1950ው ቆጠራ በ2022 ሲከፈት ደግሞ የእጅ ጽሑፉን በቅድሚያ ያነበበው ማሽን ነው፤ ሰዎች አርመውታል። የእኛ መዝገብ ቤት ጸሐፊ በብዕር ያጣደፈውን ዐማርኛ፣ ያውም የሀዲይኛና የከምባትኛ ስሞች የተሰገሰጉበትን፣ ለማንበብ ግን አካባቢውን የሚያውቅ የሰው ዓይን ያስፈልጋል።

ስማችን የራሱ ሰንሰለት አለው

ከውጭ የሚመጣ የዘር ሐረግ ፕሮግራም መጀመሪያ የሚጠይቀው የቤተሰብ ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን አልለመደውም። ለምሳሌ ያህል አንድ አባት ጴጥሮስ ላምቤቦ ኤርጃቦ ቢባል ልጁ ማርቆስ ጴጥሮስ ላምቤቦ ይባላል። የውጭው ፕሮግራም አባትየውን ኤርጃቦ በሚለው ስም ሥር፣ ልጁን ላምቤቦ በሚለው ሥር ያስቀምጣቸዋል። አባትና ልጅ በአንድ ማውጫ ውስጥ ተለያይተው ይቀራሉ።

እኔ ግን ይህን እንደ ድክመት አላየውም። በአግባቡ ከተያዘ የእኛ ስም ከፈረንጁ የተሻለ መፈለጊያ ነው። ከልጁ ሦስት ስሞች ሁለቱ በአባትየው ላይ በዚያው ቅደም ተከተል ይገኛሉ። ማውጫው ሦስቱን ስሞች በሦስት ዓምድ ለይቶ ከያዘ ኮምፒዩተሩ ልጅን ከአባት፣ አባትን ከአያት እየቀጠለ ሊወጣ ይችላል። ቦታና ዘመን ሲጨመርበት ደግሞ ሞክሼዎቹ ይለያሉ። ከኤርጃቦ ወደ ማርቆስ የተደረገው ሽግግርም ቤተሰቡ በየትኛው ትውልድ ሃይማኖት እንደለወጠ ፍንጭ ይሰጣል።

ሰንሰለቱ የሚጎድለው በእናት በኩል ነው። በስማችን ውስጥ እናት የለችም። በጉዲፈቻ የሄደ ልጅ በአብዛኛው የሚፈልገው ደግሞ እናቱን ነው። ስለዚህ የእናት ስም የሚገኝባቸው መዛግብት ከሁሉም ቀድመው ወደ ማውጫ መግባት አለባቸው ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ችግር አጻጻፍ ነው። የከተማዋ ስም እንኳ ሆሳዕና፣ ሆሣዕና፣ ሆሳእና እየተባለ ይጻፋል፤ በላቲን ፊደል ሲሆን ደግሞ ብዙ መልክ አለው። ከዚያ በፊት የነበረው ስሟ ዋቸሞ ነው፤ አሁን ዩኒቨርሲቲው ይጠራበታል። ኃይሌ የሚለውን ስም በሦስቱም «ሀ» የሚጽፉ አሉ። ሀዲይኛ በላቲን ፊደል መጻፍ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ አንድ ሰው በትምህርት ቤት መዝገብ በአንዱ፣ በቀበሌ መዝገብ በሌላው ፊደል ሊገኝ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ስሙ እንደተጻፈ ይገለበጣል፣ ከጎኑ በሌላ ዓምድ ወጥ በሆነ አጻጻፍ ይቀመጣል። የተጻፈውን «ማረም» ግን ክልክል መሆን አለበት።

ሦስተኛው ቦታ ነው። በሆሳዕና አካባቢ፣ እንበል ሀቢቾ የተወለዱ አንድ አዛውንት ከመንደራቸው ሳይነቃነቁ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ በደቡብ ሸዋ፣ በደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ነዋሪነት ተመዝግበዋል። በዚያ ላይ ሌሞ፣ ሶሮ፣ ሻሾጎ፣ በደዋቾ የሚሉት ስሞች የሀዲያ ነገዶች መጠሪያ ናቸው፤ የወረዳ ስምም ሆነዋል። በመዝገቡ ላይ «ሌሞ» የሚል ቃል ያየ ጸሐፊ ዘርን ይሁን ቦታን እንደሚናገር መለየት አለበት። ይህን የሚለየው የአካባቢው ሰው ነው። የዘመን አቆጣጠሩም ነገር እንዲሁ ነው። በፍርድ ቤት ውሳኔ ላይ 1997 የሚለው በትርጉም ሥራ ላይ ሳይቀየር አልፎ ከሆነ ልጁ በአሜሪካ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ትልቅ ሆኖ ይመዘገባል።

ወረቀቱ ሲዋሽ

እስካሁን የተናገርኩት ወረቀቱ እውነት እንደሚናገር በመገመት ነው። ሁልጊዜ ግን አይናገርም። የጉዲፈቻ ፋይሎች ላይ «ወላጆቹ አልታወቁም» ወይም «ሁለቱም ሞተዋል» ተብሎ ተጽፎ፣ በኋላ እናቲቱ በሕይወት የተገኘችባቸው ጉዳዮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ከኢትዮጵያ ሕፃናትን ይወስድ በነበረ የአንድ ድርጅት ሠራተኞች ላይ በሐሰተኛ ሰነድ ክስ መሥርቶ ጥፋታቸውን ያመኑ ነበሩ። በደቡብ ኮሪያ ደግሞ ከ140 ሺህ በላይ ሕፃናት በጉዲፈቻ ወደ ውጭ ከተላኩ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ የአገሪቱ የእውነትና ዕርቅ ኮሚሽን በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ባወጣው ውሳኔ ሰነዶች ተጭበርብረው እንደነበርና መንግሥትም ኃላፊነቱን እንዳልተወጣ አረጋግጧል።

ሐሰት የተጻፈበትን ወረቀት ስካነር እውነት አያደርገውም። እንዲያውም በኮምፒዩተር ላይ ንጹሕ ሆኖ ሲታይ ይበልጥ ይታመናል። ሐሰትን የሚያጋልጠው አንድን መዝገብ ከሌላው ጋር ማስተያየት ነው። የጉዲፈቻ ፋይሉ «እናቱ በ1998 ሞታለች» ቢል፣ በ2001 የወጣው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ ግን ስሟ ከባሏ ጎን ካለ፣ አንዱ ወረቀት ተሳስቷል። የማውጫ ትልቁ ጥቅም፣ በእኔ አስተያየት፣ እዚህ ላይ ነው። በተለያዩ ቢሮዎች ያሉ፣ አንዱ ሌላውን አይቶ የማያውቅ መዛግብትን ፊት ለፊት ያገናኛል።

ለመሆኑ በዚህ አካባቢ እንዲህ ያሉ መዛግብት አሉ ወይ? አሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ክብር መዝገብ ብዙ አንቀጾች ቢኖሩትም አንቀጾቹ ቀን እስኪቆረጥላቸው እንዲቆዩ በመደረጉ አገር አቀፍ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። የ1976፣ የ1987ና የ1999 ሕዝብ ቆጠራዎችም ለሕዝብ የሰጡት ቁጥር እንጂ ስም አይደለም። ስለዚህ ከ2008 በፊት ለተወለደው ሰው የምንፈልገው ሌላ ቦታ ነው።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ እያንዳንዱ ቁምስና የጥምቀት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ እንዲይዝ ያስገድዳል፤ በሀዲያና በከምባታ ካቶሊካውያን ሚሲዮናውያን መሥራት የጀመሩት ከጣሊያን ወረራ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ገደማ ወደ አካባቢው ከገባው የሱዳን የውስጥ ሚሲዮን ሥራ የተነሡት የቃለ ሕይወት ምእመናንም የአባላት ዝርዝር ይይዛሉ። እድሮች የአባሉን ሚስትና ልጆች፣ አንዳንዴም ወላጆች፣ በስም ይመዘግባሉ፤ ማን መቼ እንደሞተ ከእድር ጸሐፊ ደብተር የበለጠ የሚያውቅ የለም። የትምህርት ቤት መዝገብ፣ የወረዳ ፍርድ ቤት የውርስ ፋይል፣ የቀበሌ የቤተሰብ ቅጽ፣ የመሬት ደብተር ሁሉም አሉ። አሮጌ ወረቀት በኪሎ ተሸጦ የበርበሬ መጠቅለያ ሲሆን ያየን ሰዎች ደግሞ እነዚህ ለዘላለም እንደማይቆዩ እናውቃለን።

የሽማግሌው ማውጫ

ከወረቀት በፊት ማውጫው ሽማግሌው ነበር። በሀዲያም በከምባታም ከራስ ጎሳ ማግባት ነውር በመሆኑ የአባቶችን ስም ወደ ኋላ መቁጠር የግድ ነበር። በሰሜኑ ርስት ለመካፈል ዘር ይቆጠር እንደነበረ ሁሉ እዚህም ለጋብቻ፣ ለደም ካሳና ለዕርቅ ይቆጠር ነበር። ጀርመናዊው ኡልሪሽ ብራውኬምፐር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከነዚህ ሽማግሌዎች የሰበሰቡትን የዘር ሐረግ ይዘው የሀዲያን ታሪክ በ1980፣ የከምባታን በ1983 በጀርመንኛ አሳተሙ። የሀዲያው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ የወጣው በ2012 ነው። የሆሳዕና ልጅ የቅድመ አያቱን ነገር ለማንበብ ከ30 ዓመት በላይ ጠብቋል ማለት ነው፤ አሁንም በአፍ መፍቻ ቋንቋው አላነበበውም።

ስለዚህ የቃል ምስክርነት የማውጫው አካል መሆን አለበት። አንድ ሽማግሌ ስምንት ወይም ዘጠኝ ትውልድ ሲቆጥሩ በድምፅ ይቀዳል፤ ስሞቹ አንድ በአንድ ወደ ማውጫው ይገባሉ፤ ከጎኑ «በቃል የተነገረ» ተብሎ ይመለከታል። የተነገረውና የተጻፈው ሲስማሙ ሁለቱም ይጠነክራሉ። ሲለያዩም ልዩነቱ ራሱ ይመዘገባል።

ስጋቱ ቀላል አይደለም

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡትን ተቃውሞዎች አቅልዬ አላይም። የመጀመሪያው የዘር ነገር ነው። ቤልጂጎች በ1930ዎቹ በሩዋንዳ መታወቂያ ላይ ያሰፈሩት የጎሳ መለያ እ.ኤ.አ. በ1994 ምን እንደሠራ ዓለም ያውቃል። በእኛም አገር የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ለዓመታት ኖሯል። ዘመድን የሚያገናኘው የጎሳ ስም ሰውን ለመለየትም ሊውል ይችላል። ስለሆነም በማውጫው ውስጥ በብሔር ወይም በጎሳ መፈለግ እንዳይቻል ተደርጎ መሠራት አለበት። ምስሉ ላይ ያለው እንዳለ ይቆይ፤ መፈለጊያው ግን ሰውን በስሙና በቦታው ያግኝ።

ሁለተኛው የግል ምስጢር ነው። አሜሪካ የቆጠራ ዝርዝሯን ለ72 ዓመት፣ እንግሊዝ ለ100 ዓመት ዘግተው ያቆያሉ። እኛም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን። በሕይወት ያለ ሰው መረጃ ለአደባባይ መውጣት የለበትም። በተለይ ልጇን ለጉዲፈቻ የሰጠች እናት ያንን ለአሁኑ ባሏና ለልጆቿ አልተናገረች ይሆናል። ልጁ እናቱን የማወቅ መብት አለው፤ እናቲቱም ቤቷ ደጃፍ ላይ ካሜራ ይዞ የሚመጣ እንግዳ እንዳያስደነግጣት የመጠበቅ መብት አላት። መፍትሔው በመካከል የሚቆም፣ ሁለቱንም በየፊናቸው የሚጠይቅ፣ ሁለቱም ሲፈቅዱ ብቻ የሚያገናኝ ቢሮ ነው።

ሦስተኛው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ገንዘቡና መሣሪያው ከውጭ ሊመጣ ይችላል፤ መጥፎ አይደለም። ነገር ግን ምስሉም ማውጫውም አንድ ቅጂ በሆሳዕና፣ አንድ ቅጂ በአዲስ አበባ ቤተ መዛግብት መቅረት አለበት። ይህ በውሉ ላይ ካልተጻፈ የልጅ ልጆቻችን የአያቶቻቸውን ስም በክፍያ የሚያዩበት ቀን ይመጣል።

ምን ይደረግ?

ሁሉን በአንድ ጊዜ እንሥራ አልልም። የሚቀድመው የጉዲፈቻ ፋይል ነው። በፌዴራል ፍርድ ቤት፣ በሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ በዞንና በወረዳ ቢሮዎች እንዲሁም በተዘጉና ባልተዘጉ ማሳደጊያዎች ያሉት ፋይሎች አይቃጠሉ፣ አይጣሉ፣ አይሸጡ የሚል አንድ መመሪያ መውጣት አለበት። ይህ ገንዘብ አይፈልግም። በአዋጅ ቁጥር 179/1991 የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይህን ለመጠየቅ ሥልጣንም ሙያም አለው።

ቀጥሎ ከሀዲያና ከከምባታ ዞኖች አንድ አንድ ወረዳ ተመርጦ የጉዲፈቻ ፋይሉ፣ የመሬት ደብተሩ፣ የቤተ ክርስቲያን መዝገቡና ፈቃደኛ የሆኑ እድሮች ደብተር ተነሥቶ ለሙከራ ማውጫ ይሠራለት። እያንዳንዱን ገጽ ሁለት ሰዎች ተለያይተው ይገልብጡት፤ ሲለያዩ ሦስተኛ ሰው ይዳኝ። ይህ በዓለም ላይ የተፈተነ አሠራር ነው። ለሥራው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉት፤ ከተማዋም ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች አሏት። ተማሪው ኮምፒዩተሩን ያውቃል፤ ጡረተኛው የዚያን ዘመን የእጅ ጽሑፍና የዚያን ዘመን ሰዎች ያውቃል። ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ማውጫው ይሠራል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት ወላጆቻቸውን የማወቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ከዚህ አገር የወጡ ከ15 ሺህ በላይ ልጆች ያ መብት ሲወጡ አብሯቸው አልጠፋም። እነርሱን ለማገናኘት የሚያስፈልገው እውቀት በከፊል በወረቀት፣ በከፊል በሰዎች ጭንቅላት ውስጥ አለ። ወረቀቱ በምስጥና በዝናብ፣ የሰዎቹ ትዝታ በዕድሜ እየሳሳ ነው። ፋይሉን በእጃቸው የጻፉት የወረዳ ሠራተኞች አብዛኞቹ በጡረታ ላይ ናቸው ወይም እየተቃረቡ ነው። «ይህ የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ይህችን ሴት አውቃታለሁ፣ ቤቷም ከወንዙ ማዶ ነው» የሚል ሰው እያለ ካልተጀመረ፣ ከዚያ በኋላ የሚገዛው ስካነር ምንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን ይህን አይነግረንም።